ያረጀ የወታደር ጥይት ጠመንጃ ያዝጋል ወይስ አያዝግም? ከግርጌ ምልክቱ እስከ ምስማሩ ሙከራ

ጠመንጃዬን እንደ ልማዴ ወለወልሁት፣ ዘይት ቀባሁት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥሁት። በሦስተኛው ቀን ነጭ ጨርቅ በአፈሙዙ ውስጥ ሳሳልፍ ጨርቁ ቀይ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ጥይቱን የሸጠልኝ ሰው «ወታደር ያስቀመጠው ንጹሕ ጥይት ነው፤ አያዝግም» ብሎኝ ነበር። ሰውየው የዋሸኝ አይመስለኝም፤ የሰማውን ነው የነገረኝ። ስለ አሮጌ ጥይት የሚወራው አብዛኛው ነገር እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማንንም ቃል ሳልይዝ ራሴ መመርመር ጀመርሁ። ማሸጊያው፣ በቀለሃው ላይ የታተመው ምልክትና የቀለሃው አሠራር ጥርጣሬን ያጠነክራሉ ወይም ያላላሉ፤ ፍርድ የሚሰጠው ግን ብረቱ ነው። የሚከተለውም በዚያው ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ በጥይቱ ላይ የሚታተመውም እንደዚያው ነው።

ዝገቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ጥፋቱን በባሩዱ ላይ ይጥላል። ባሩዱ ግን ንጹሕ ነው። በቀለሃው ግርጌ መካከል የተሰካች ትንሽ ቆብ አለች፤ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ብልጭ ብላ ባሩዱን የምትለኩሰው እርሷ ናት። ካፕሱል የሚሏት አሉ፤ እኔ እዚህ መለኮሻ እላታለሁ። በድሮዎቹ መለኮሻዎች ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሲቃጠል ኦክስጅኑን ይለቅና ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል። ይህ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ከጋዙ ጋር እየተነፋ በአፈሙዙ ግድግዳ፣ በማቀባበያው ፊትና ጋዝ በሚደርስበት ቀዳዳ ሁሉ ይለጠፋል።

ይህ ጨው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብረት ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የአየሩ እርጥበት ወደ 84 በመቶ ሲደርስ ግን ውሃ ከአየር እየሳበ ራሱን ያሟሟል፤ በአፈሙዙም ውስጥ በዓይን የማይታዩ የጨው ውሃ ጠብታዎች ይፈጠራሉ። ከዚያ በኋላ ዝገቱ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በደረቅ አየር የሚኖር ሰው «ይህን ጥይት ዓመት ሙሉ ተኩሼ ምንም አልሆነም» ሲል የነገረን ስለ አየሩ ነው፤ ስለ ጥይቱ ገና አልነገረንም።

ዘይትም አያድንም። አንድ ቆንጥር ጨው በዘይት ውስጥ በትነው ቢያማስሉ ሳይሟሟ ከታች ተቀምጦ ያገኙታል። በአፈሙዙ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው፤ ዘይቱ በጨው ላይ ተኝቶ ጨው በብረቱ ላይ ይቀራል። ይህን ጉዳይ የለየው በአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ይሠራ የነበረው ዊልበርት ሃፍ ሲሆን ውጤቱ በ1922 ታትሟል። ከዚያ በፊት ብዙዎች ጥፋተኛው ጭስ አልባው ባሩድ የሚተወው አሲድ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

መንስኤው ከታወቀ በኋላ መፍትሔው አልዘገየም። ሬሚንግተን የተባለው የአሜሪካ የጥይት አምራች በ1927 የማያዝግ ጥይት ለገበያ አቀረበ፤ በጀርመንም በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ በሌድ ስቲፍኔትና በባሪየም ናይትሬት የሚሠራው ሲኖክሲድ የተባለው መለኮሻ ወጣ። ሠራዊቶች ግን ለመለወጥ አልቸኮሉም። ክሎሬት ያለበት መለኮሻ በመጋዘን ለአሥርት ዓመታት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ በብርቱ ብርድም አይከዳም። ለጦር አዛዥ የዘንድሮው ጠመንጃ ውስጡ መዛጉ ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ጥይቱ መተኮሱ አንደኛ ነው። ወታደሩም ውሃና መወልወያ ዘንግ ተሰጥቶታል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ነገር ልለይ። በሜርኩሪ የተሠራ መለኮሻ ሌላ ነው፤ እርሱ ናሱን ቀለሃ እንዲሰባበር ያደርጋል እንጂ አፈሙዙን አያዝግም። አንዳንድ አሮጌ መለኮሻ ሁለቱንም ይዟል፤ ያን ጊዜ ቀለሃውም አፈሙዙም ይጎዳሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

ይህ ሥራ ሕጋዊ ፈቃድ ያለውና መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ዓይንዎንና ጆሮዎን ይሸፍኑ። የጠመንጃው አፍ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ሊያስቀር ወደሚችል አፈር ይዙር። ከመለኮሻ የሚወጣው ጭስ እርሳስ፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ስላለበት በተዘጋ ክፍል አይሥሩ፤ ከሥራው በኋላ ሳይታጠቡ አይብሉ።

ያዝጋል ወይ ከማለት በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይህ ጥይት መተኮስ ይገባዋል ወይ? አንገቱ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ፣ አረሩ በጣት ሲነካ የሚዞር ወይም ወደ ውስጥ የገባ ጥይት ከወዲያኛው ወገን ይቀመጥ። ከፍተው ባሩዱን ሲያዩ ቀይ ቡናማ አቧራ ካለበት ወይም አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሲድ ሽታ ካለው ባሩዱ ፈርሷል፤ ያን ክምችት በሙሉ መሣሪያና ጥይት ለሚረከበው ባለሥልጣን ያስረክቡ። ቃታ ስበው ጥይቱ ካልጮኸ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሡ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ አሮጌ መለኮሻ አንዳንዴ ዘግይቶ ይተኩሳል። ድምፁ ደክሞ ከወጣ ደግሞ ሌላ ከማጉረስዎ በፊት አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ እንዳልቀረ ይመልከቱ።

እርምጃ 1፦ ማሸጊያውን ያንብቡ

ኦሪጅናል ማሸጊያ ካለ ሥራው ይቀልላል። በሶቪየት ዘመን የታሸገውን 7.62 በ54 ጥይት እንውሰድ (የመጀመሪያው ቁጥር የአረሩ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሃው ርዝመት በሚሊሜትር ነው)። በቆርቆሮ ታሽጎ፣ ሁለት ቆርቆሮ በአንድ የእንጨት ሣጥን ይገባል፤ በተለመደው አስተሻሸግ በአንዱ ቆርቆሮ ውስጥ 440 ጥይት አለ። በቆርቆሮው ላይ የጥይቱ መጠን፣ የአረሩና የቀለሃው ዓይነት፣ የምርቱ ተራ ቁጥር፣ ዓመቱ፣ የፋብሪካው ቁጥርና የባሩዱ ዝርዝር ተጽፏል። ስለ መለኮሻው ጨው የሚናገር ፊደል ግን አያገኙበትም። ለዚያ ሠራዊት የሚያዝገው ጥይት የተለመደው ጥይት ስለነበር የሚጻፍ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ከማሸጊያው የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ አገሩ፣ ፋብሪካውና ዓመቱ። እነዚህን በማስታወሻ ይጻፉ። የምርቱን ተራ ቁጥርም ይጨምሩ፤ ኋላ ሙከራው የሚያገለግለው ለዚያ ተራ ቁጥር ብቻ ነው።

ከኦሪጅናሉ ማሸጊያ ወጥቶ በአዲስ ካርቶን የታሸገ ጥይት ከገጠመዎ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እንዳላዩት ይለፉት። የሻጭ ካርቶን የሻጭን ተስፋ ነው የሚነግረን። «በመጠኑ የሚያዝግ» የሚል ጽሑፍ ያየሁበት ጊዜም አለ። መለኮሻው ክሎሬት አለበት ወይም የለበትም፤ መሀሉ ላይ የሚያርፍ ጥይት አላውቅም።

እርምጃ 2፦ የቀለሃውን ግርጌ ያንብቡ

ጥይቱን ገልብጠው በማጉያ መነጽር ግርጌውን ይመልከቱ። በክቡ ዙሪያ ቁጥር፣ ፊደል ወይም ኮከብ ታትሞበታል። ብዙ ጊዜ አንዱ የፋብሪካው፣ ሌላው የዓመቱ ነው። ምልክቱ ከቆሸሸ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት፤ ዘይት ወይም ዝገት ማስለቀቂያ አይቀቡት፤ ወደ መለኮሻው ሰርጎ ሊያበላሸው ይችላል።

በሶቪየት ጥይት ላይ ከላይ የፋብሪካው ቁጥር፣ ከታች የዓመቱ ሁለት አኃዝ ይኖራል። 17 ባርናውል ነው፤ 60 ፍሩንዜ፣ የዛሬዋ ቢሽኬክ፤ 188 ኖቮሲቢርስክ፤ 270 ሉጋንስክ፤ 539 ቱላ። ከ1952 እስከ 1956 በተሠሩ አንዳንዶቹ ላይ ዓመቱ በቁጥር ፈንታ በሩሲያ ፊደል ስለተጻፈ ከቁጥር ይልቅ አንድ ፊደል ብቻ ቢያዩ አይደናገሩ። ፋብሪካው የትኛውም ይሁን፣ የሶቪየት ወታደራዊ የጠመንጃ ጥይት ያዝጋል ብለው ይነሡ። ይህ ሞሲን ናጋንት ለተባለው አሮጌ ጠመንጃ 7.62 በ54 ጥይት ብቻ ሳይሆን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለተሠራው 7ኤን6 ለተባለው የ5.45 ሚሊሜትር ጥይትም ይሠራል። «አዲስ ነው፣ የ1980ዎቹ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

30-06 የተባለው የአሜሪካ የጠመንጃ ጥይት የተለየ ታሪክ አለው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥይት ያዝጋል። ፋብሪካዎቹ ወደማያዝገው መለኮሻ የተሻገሩት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው፤ አንድ ላይ ሳይሆን እየተቀዳደሙ። ስለዚህ 43 ወይም 44 የሚል ካነበቡ ነገሩ ግልጽ ነው፤ 60ዎቹን ካነበቡም በተቃራኒው ግልጽ ነው። የሚያስቸግረው ከ50 እስከ 56 ያለው ነው፤ ፍራንክፎርድ በሚባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ለውድድር ተብሎ የተሠራው አንዳንድ ጥይት የድሮውን መለኮሻ ይዞ እስከ አሥር ዓመቱ አጋማሽ ስለዘለቀ በእነዚህ ዓመታት ላይ ያለ ሙከራ አልፈርድም። በአንጻሩ የዚያው ጦርነት ልጅ የሆነው የአሜሪካ 30 ካርባይን፣ ማለትም የአጭሩ ጠመንጃ ጥይት፣ ከመጀመሪያው ከ1941 ጀምሮ በማያዝግ መለኮሻ ነው የተሠራው፤ የጠመንጃው የጋዝ ፒስተን በወታደር እጅ ለመፍታት የማይመች ስለነበር ጨው ቢገባበት መዘዝ ነበር። እዚህም ቢሆን ወጥመድ አለ፤ «ኤል.ሲ 52» የሚል የአሜሪካ ምልክት ታትሞበት የቻይና ሥራ የሆነ የካርባይን ጥይት አለ፤ እርሱ ያዝጋል።

303 በተባለው የእንግሊዝ የጠመንጃ ጥይት ላይ ብዙ ሰው በአንድ ፊደል ይታለላል። በማርክ 7 ጥይት ግርጌ ከቁጥሩ አጠገብ «ዜድ» ካለ ባሩዱ ኮርዳይት የተባለው የእንግሊዝ የድሮ ባሩድ ሳይሆን ናይትሮሴሉሎስ የተባለው ዓይነት ነው ማለት ነው። ፊደሉ ስለ ባሩዱ ይናገራል እንጂ ስለ መለኮሻው ምንም አይልም፤ በዚህ ፊደል ተማምኖ ጠመንጃውን ሳያጥብ ያሳደረ ሰው አለ። በጦርነቱ ጊዜ በካናዳ ዲፌንስ ኢንዱስትሪስ የተሠራውና «ዲ.አይ ዜድ» የሚለው ግን አያዝግም፤ ምክንያቱም የካናዳው ፋብሪካ የማያዝግ መለኮሻ ስለተጠቀመ እንጂ በፊደሉ አይደለም። «ኤች.ኤክስ.ፒ» የሚለው የግሪክ ጥይትም፣ 303ም ሆነ 30-06፣ አያዝግም።

የዩጎዝላቪያ ጥይት ትምህርት ይሰጣል። የኡዢትሴው ፕርቪ ፓርቲዛን ፋብሪካ ለሠራዊቱ የሠራው የ1950ዎቹ 8 ሚሊሜትር ማውዘር ያዝጋል፤ ኤም67 የተባለውንም 7.62 በ39፣ ማለትም የክላሽንኮቭ ጥይት፣ ያዝጋል ብለው ይያዙት። ያው ፋብሪካ ለሲቪል ገበያ የሚሠራው አያዝግም። የፋብሪካ ስም ብቻውን ምንም አይፈታም፤ ለማን ተሠራ፣ መቼ ተሠራ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቱርክ የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ 8 ሚሊሜትርም ያዝጋል። የቻይናው 7.62 በ39 ግን ሁለቱም ዓይነት ስላለው ግርጌውን ዓይንዎ እስኪፈዝ ቢያዩት መልስ አይሰጥም፤ በቀጥታ ወደ ምስማሩ ሙከራ ይሂዱ።

እርምጃ 3፦ ቀለሃው ቦክሰር ነው ወይስ በርዳን?

ቦክሰርና በርዳን መለኮሻው በቀለሃው ላይ የሚገጠምባቸው ሁለት አሠራሮች ናቸው፤ ሁለቱም የወጡት በ1860ዎቹ ነው፤ ስማቸውም የፈጣሪዎቻቸው ነው። በርዳን አሜሪካዊ ነበር፣ የእርሱ አሠራር አውሮፓ ውስጥ ነገሠ፤ ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበር፣ የእርሱ አሠራር አሜሪካን ወረሰ። ልዩነቱ በተተኮሰ ቀለሃ ውስጥ ይታያል። በትንሽ ባትሪ ወደ ቀለሃው ውስጥ ያብሩ፤ ከታች መካከል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር ነው፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከግራና ከቀኝ ካሉ በርዳን ነው።

በብዙ ሰው ዘንድ «በርዳን ያዝጋል፣ ቦክሰር አያዝግም» የሚል ሕግ አለ። ለጅምር ግምት መጥፎ አይደለም፤ ለፍርድ ግን አይበቃም። የጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ 30-06 ቦክሰር ነው፣ ያዝጋል። ጂ.ፒ.11 የተባለው የስዊዘርላንድ የሠራዊት ጥይት በርዳን ነው፣ አያዝግም። ሕጉን በሁለት ምሳሌ እንዲህ መገልበጥ ከተቻለ ሕግ ሊባል አይገባውም።

ምንም የማይነግሩን ነገሮች

በመለኮሻው ዙሪያ የተቀባው ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ቀለም ውሃ እንዳይገባ የተደረገ ማሸጊያ ነው። የቀለሃው ብረት ወይም ናስ መሆንም መልስ አይሆንም፤ ማግኔት መሳቡም እንደዚሁ። ናሱ አረንጓዴ ሻጋታ መስሎ መታየቱ ጥይቱ እርጥብ ቦታ መቀመጡን ይናገራል፤ የሚያዝግ ጥይት ሆኖ እንደ ወርቅ የሚያበራ ሞልቷል። ከተተኮሰ በኋላ የሚወጣው ሽታም ሆነ የጥላሸቱ ብዛት አይረዳም።

እርምጃ 4፦ የምስማሩ ሙከራ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አሳቡ ቀላል ነው፤ ከመለኮሻው የሚቀረውን ጥላሸት በተራቆተ ብረት ላይ ማኖር፣ ብረቱን በእርጥብ አየር ውስጥ ማሳደር፣ ከዚያ ማየት። የሚከሽፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ሰው አንድ ምስማር ብቻ ያስቀምጥና ሲዝግ ያገኘዋል። የተራቆተ ምስማር በእርጥበት ውስጥ በራሱም ሊዝግ ስለሚችል ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ምንም አያስረዳም።

የሚያስፈልግዎ፦ በዚንክ ያልተለበጡ፣ ወደ ጥይቱ አንገት የሚገቡ ተራ ምስማሮች፤ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፤ አሴቶን ወይም ንጹሕ አልኮል፤ የላስቲክ ጓንት፤ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ፤ እርጥብ ጨርቅ፤ እንዲሁም አረር መንቀያ። አረር መንቀያው መዶሻ የመሰለ ሲሆን ጥይቱን በውስጡ ይዞ ጠንካራ ነገር ላይ ሲመታ አረሩ በራሱ ክብደት ይወጣል። ጫፉ በቀለም የተቀባ አረር በዚህ መሣሪያ አይነቀልም፤ የሚያበራ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚፈነዳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ከሙከራውም ከተኩሱም ያውጡት።

ሀ. አምስት ምስማር በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ይፈትጉ፤ ከዚያ ጓንት አድርገው በአሴቶን ያጥቧቸው። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይንኳቸው። የጣት ላብ ራሱ ጨው ነው፤ የሚያዝግ ጥይት ሳይኖር የጣት አሻራዎን ቅርጽ የያዘ ዝገት ያገኛሉ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ያገኘሁት ይህን ነበር፤ የአውራ ጣቴን መስመሮች ሳይቀር መቁጠር ይቻል ነበር።

ለ. ከሚጠረጠረው ክምችት ሦስት ጥይት ይምረጡ፤ ከአንድ ካርቶን ሳይሆን ከተለያዩ ካርቶኖች። አረሩን ይንቀሉ፣ ባሩዱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ከሥራው ቦታ ያርቁ። በእጅዎ የቀረው መለኮሻው ያለበት ቀለሃ ነው። መለኮሻውን በመዶሻና በምስማር ለመምታት፣ ለመንቀል ወይም በእሳት ለመለኮስ እንዳይሞክሩ፤ ትንሽ ቢሆንም ፈንጂ ነው።

ሐ. ባዶውን ቀለሃ ጠመንጃውን አጉርሰው፣ አፉን ወደ አፈር አዙረው ቃታውን ይሳቡ። ድምፁ ከሚጠበቀው በላይ ነው፤ ከአፈሙዙም ነበልባል ሊወጣ ይችላል። መለኮሻው ትንሽ ወደ ኋላ ተገፍቶ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ወደ ግርጌው የሚመልሰው የባሩድ ግፊት ስለሌለ ነው።

መ. ቀለሃው እንደቀዘቀዘ የምስማሩን ሹል ጫፍ ወደ ውስጥ አስገብተው እስከ ታች ድረስ እያዞሩ ጥላሸቱን ይጥረጉበት። ምስማሩ ጠቁሮ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቀለሃ የራሱ ምስማር፣ ለእያንዳንዱ ምስማር የራሱ መለያ ይኑረው።

ሠ. አራተኛውን ምስማር እንደማያዝግ በእርግጠኝነት በሚታወቅ አዲስ የሲቪል ጥይት በተመሳሳይ መንገድ ያጥቁሩት። አምስተኛውን ምንም አያስነኩት። ብልህ ሰው ስድስተኛ ይጨምራል፤ ጫፉን የጨው ውሃ አስነክቶ ያደርቀዋል። ይህ ምስማር ካልዛገ ዕቃው በቂ እርጥበት አልነበረውም ማለት ነው።

ረ. እርጥቡን ጨርቅ ከዕቃው ወለል ያንጥፉ፤ ምስማሮቹን ጨርቁን በማይነካ ከፍ ያለ ነገር ላይ ሳይነካኩ ደርድረው ክዳኑን ይግጠሙ። ዕቃው ፀሐይ በማያገኘው፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ቦታ ይቀመጥ፤ ሙቀት ሲወጣና ሲወርድ ከክዳኑ ውሃ ይንጠባጠባል።

በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት ይመልከቱ። የሚያዝግ መለኮሻ የነካው ምስማር ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን አያቆይም። በማጉያ መነጽር ሲያዩት መጀመሪያ ጥላሸቱ ይረጥባል፣ ደቃቅ ላብ የመሰለ ጤዛ ያወጣል፤ በዚያው ሥር ብርቱካንማ ነጥቦች ይፈልቃሉ፤ በማግስቱ ነጥቦቹ ተያይዘው ቡናማ ቅርፊት ይሆናሉ። በማያዝገው ጥይት የጠቆረው ምስማር አጠገቡ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሦስተኛ ምስክር አይፈልግም።

ውጤቱ ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይመጣም። ምንም ያልነካውም ምስማር ከዛገ ውሃ ተንጠባጥቦበታል ወይም እጅ ነክቶታል፤ ሙከራው ይደገም። ከሦስቱ ተጠርጣሪዎች አንዱ ብቻ ከዛገ ክምችቱ የተቀላቀለ ነው፤ ሁሉንም እንደሚያዝግ ይቁጠሩት። የትኛው ጥይት የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚተኩስ ሰው የለም።

አረር መንቀያ ከሌለዎት በሙሉ ጥይት ከተተኮሰ ቀለሃ ውስጥም ጥላሸት መጥረግ ይቻላል። ነገር ግን አብዛኛው ጨው ከጋዙ ጋር ወደ አፈሙዙ ስለሚሄድ በቀለሃው የሚቀረው ጥቂት ነው። «አዎ፣ ዛገ» ካለ ይመኑት፤ «አልዛገም» ካለ ግን በግማሽ ልብ ይቀበሉት።

ለቸኮለ ሰው፦ ሲልቨር ናይትሬት

ሦስት ቀን መጠበቅ ለማይችል፣ መለኮሻው ብቻ በተተኮሰበት ቀለሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የተጣራ ውሃ አስገብተው ያማቱ፤ ውሃውን በትንሽ ብርጭቆ ገልብጠው ጥላሸቱ እስኪዘቅጥ ይተዉት። ከላይ በጠራው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የሲልቨር ናይትሬት ብጥብጥ ይጨምሩ። ወዲያው ወተት መስሎ ቢነጣ ክሎራይድ አለበት። ብርሃን ላይ ሲቆይ ነጩ ወደ ግራጫ ሐምራዊ ይጠቁራል። የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ ስላለው በራሱ ይነጣል፤ ስለዚህ ውሃው የተጣራ መሆኑን መጀመሪያ ለብቻው በአንድ ጠብታ ይፈትኑት። ሲልቨር ናይትሬት ቆዳንና ልብስን በቀላሉ በማይለቅ ጥቁር ይበክላል፤ ዓይንን ይጎዳል፤ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። እኔ ይህን የምጠቀመው ምስማሩ ያመነታ ሲመስለኝ ነው።

ያዝጋል ከተባለ፣ ወይም ካልታወቀ

መጣል አያስፈልግም። ብዙው እንዲህ ያለ ጥይት በትክክል ይተኩሳል፤ የሚጠይቀው ውሃ ብቻ ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ጨውን «ያመክናል» የሚለው ወሬ በጣም የተስፋፋ ነው። አሞኒያው ከአረሩ የሚቀረውን መዳብ ያለቅቅ ይሆናል፤ ጨውን አሟሙቶ የሚያወጣው ግን በማጽጃው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ተራ ውሃ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ተኩሱ እንዳበቃ፣ ቢቻል ከተኩስ ቦታው ሳይለቁ፣ ጥይት እንዳልቀረበት አረጋግጠው ማቀባበያውን ያውጡ። ጥይት በሚጎርስበት በኩል በትንሽ ማንቆርቆሪያ ወይም በቧንቧ የሞቀ ውሃ ያፍስሱ፤ ሙቁ የሚመረጠው ብረቱን አሙቆ ራሱ ስለሚያደርቅ ነው። እንጨቱን በጨርቅ ይሸፍኑ። ቀጥሎ በውሃ የራሰ ጨርቅ በዘንግ ደጋግመው ያሳልፉ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ የተለመደው ማጽጃ፣ መጨረሻ ላይ ዘይት። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፤ ዘይት ከቀደመ ውሃው ጨውን አያገኘውም።

ሰው የሚረሳው አፈሙዙን አይደለም። የማቀባበያውን ፊት፣ መርፌው የሚወጣባትን ቀዳዳ፣ የመርፌውን ጫፍ፣ የቀለሃ ማውጫውን ጥፍር ሥር ነው የሚረሳው። በክላሽንኮቭና በመሰሎቹ ላይ ደግሞ የጋዝ ቱቦውና የፒስተኑ ራስ አሉ፤ አፈሙዙ በክሮም የተለበጠ መሆኑ እነዚህን አያድናቸውም። በአፉ ላይ የእሳት መሸሸጊያ ካለ ፈትተው ክሩን ያጥቡ፤ እዚያ የገባ ጨው ከወራት በኋላ አልፈታም ብሎ ነው ራሱን የሚያሳውቀው።

ለሙከራው የተኮሱበትም ጠመንጃ እንዲሁ መታጠብ አለበት። ባሩድ ስላልነበረው ጨው አልነበረውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጠርጎ የሚያወጣው ጋዝ ስለሌለ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው ይበዛል።

የሙከራውን ቀን፣ የምርቱን ተራ ቁጥርና ውጤቱን በማይለቅ ቀለም በሣጥኑ ክዳን ላይ ይጻፉ። ከተኩስ በኋላ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን ነጭ ጨርቅ በአፈሙዙ ውስጥ ያሳልፉ። ቡናማ ከሆነ ውሃው ከነበረበት ይጀመራል፤ ነጭ ሆኖ ከወጣ ዘይቱን ቀብተው ያስቀምጡት።